ፔልቶር ኤክስ5ኤ፦ ሞተሩንም ፊሽካውንም የሚያፍን የጆሮ መከላከያ

በመኪና ውድድር ዳር ቆሞ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ዓይኑ የተያዘ ነው። ባለ 400 ሚሊሜትር ሌንስ ሙሉ ፍሬም ካሜራ ላይ ሲገጠም የሚያሳየው 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረውን 354 ዲግሪ የሚጠብቅለት ጆሮው ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የጆሮ መከላከያ ሲመረጥ "ድምፅ ምን ያህል ይቀንሳል?" ብሎ ማቆም አይበቃም። "የማርሻሉን፣ ማለትም በትራኩ ዳር ቆሞ አደጋ የሚያስጠነቅቀውን ሰው፣ ፊሽካ ያሰማኛል ወይ?" ብሎ መጠየቅም ግድ ነው። የ3ኤም ፔልቶር ኤክስ5ኤ ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እጅግ ጥሩ ነው። ለሁለተኛው ግን መልሱ እንደ መቆሚያው ቦታ ይለያያል፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ይህን ዕቃ ማድረግ ጆሮን ለማዳን ብሎ ነፍስን ማስያዝ ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን እንየው። ኤክስ5ኤ ጥቁር ነው፤ ጆሮን የሚሸፍኑት ክዳኖቹ ወፍራም ሆነው ወደ ጎን በጣም ይወጣሉ፤ ክብደቱ 351 ግራም ነው። በጭንቅላት ላይ የሚያልፈው ቅስት ሁለት ትይዩ ዘንጎች ስላሉት በመካከላቸው አየር ያልፋል፤ ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ ለሚቆም ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መከላከያው ድምፅን ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚያሳየው፣ ኤስኤንአር የሚባለው የአውሮፓ መለኪያ 37 ዴሲቤል ነው። ከአንድ ቤተሰብ የሆኑት ኤክስ1ኤ 27፣ ኤክስ2ኤ 31፣ ኤክስ3ኤ እና ኤክስ4ኤ 33 ስለሆኑ ኤክስ5ኤ የቤተሰቡ ጉልበተኛ ነው።

ሳጥኑ ላይ ከዋናው ቁጥር አጠገብ በትንንሽ ፊደል ሦስት ሌሎች ቁጥሮች አሉ፤ ገዢው ብዙ ጊዜ አያያቸውም። ለቀጭን ድምፅ 40፣ ለመካከለኛ 35፣ ለወፍራም 27። ለፎቶ አንሺ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው ያለው። የሞተር ጉርምርምታ ብዙው ወፍራም ድምፅ ነው፤ ፊሽካ ደግሞ ቀጭን ነው። ስለዚህ መከላከያው ከሞተሩ ይልቅ ፊሽካውን አብልጦ ያፍናል ማለት ነው። አንድ ሜትር ላይ 110 ዴሲቤል የሚያሰማ ፊሽካ ሜዳ ላይ በ50 ሜትር ርቀት 76 አካባቢ ይሆናል፤ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይወርዳልና። ከዚያ ላይ 40 ስንቀንስ የሚቀረው 36 ነው። ይህ የሰው ሹክሹክታን ያህል ነው፤ አጠገብ ጄኔሬተር ካለ ወይም ተመልካች ከጮኸ ጭራሽ አይሰማም።

ይህ ማለት ግን መከላከያ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ናዮሽ ያወጣው ገደብ ቀላል ነው፦ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት፤ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ፣ 109 ላይ 2 ደቂቃ እንኳ አይሞላም፣ 115 ላይ 28 ሴኮንድ። የመነሻው መስመር አጠገብ ወይም በግድግዳና በጋራዥ መካከል ድምፁ በሚያስተጋባበት ፒት ሌን (መኪኖች ጎማ ለመቀየር በሚገቡበት መንገድ) ውስጥ ባዶ ጆሮን ይዞ መቆም በአንድ ቅዳሜና እሁድ የማይመለስ ጉዳት ያመጣል። የሞተ የጆሮ ውስጥ ፀጉራማ ሕዋስ መልሶ አይበቅልም፤ ጆሮ ውስጥ የሚቀረው ፉጨትም መድኃኒት የለውም።

37 የሚለው ቁጥር የላቦራቶሪ ነው። የብሪታንያ የሥራ ጤናና ደኅንነት ባለሥልጣን ለእውነተኛው ዓለም 4 ዴሲቤል ቀንሱ ይላል፤ ስለዚህ 33 ብለን እንያዘው። 115 ላይ ከቆምን ጆሯችን ጋ የሚደርሰው 82 ነው፤ ይህ ሙሉ የሥራ ቀን ያስኬዳል። በዚያው ቦታ የታወቀው ቢጫ የስፖንጅ መሰኪያ ኢ-ኤ-አር ክላሲክ፣ ኤስኤንአር 28 ሆኖ በተመሳሳይ ስሌት 24 ይቀንስና 91 ያደርሰናል፤ ለ2 ሰዓት ብቻ ይበቃል። ስለዚህ በጣም የሚጮህ ቦታ ላይ በኤክስ5ኤ እና በስፖንጅ መካከል ያለው ልዩነት የገንዘብ ብቻ አይደለም። አንድ ማሳሰቢያ፦ ኤስኤንአር የሚቀነሰው ሲ በሚባለው ሚዛን ከተለካ ድምፅ ላይ ነው። የስልክ መተግበሪያ አብዛኛውን ጊዜ ወፍራም ድምፅን አሳንሶ የሚቆጥረውን ኤ ሚዛንን ነው የሚያሳየው፤ በዚያ ላይ የስልክ ማይክ ከፍተኛ ድምፅ ሲመጣበት ይሞላና ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። በስልክ ለክቶ "95 ነው" ብሎ መዝናናት አያዋጣም።

አሁን ቁጥሩን ገልብጠን እንየው። የአውሮፓው መመሪያ ኢኤን 458 በመከላከያው ሥር የሚደርሰው ድምፅ ከ75 እስከ 80 ዴሲቤል ቢሆን ጥሩ ነው ይላል፤ ከ70 በታች ከወረደ ከልክ ያለፈ መከላከል ይለዋል፤ ሰውየው ከአካባቢው ተነጥሏልና። ድምፁ 95 በሆነ ቦታ ኤክስ5ኤ የሚያደርግ ሰው ጆሮው ጋ 62 ብቻ ይደርሰዋል። ከጀርባው የሚጮህለትን ማርሻል አይሰማም፤ ከትራኩ የወጣ መኪና ጠጠር ላይ ሲንሸራተት አይሰማም፤ የጎማ ጩኸት ራሱ ቀጭን ድምፅ በመሆኑ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። የፎርሙላ ኢ የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይማ ነገሩ ይብሳል፤ በባዶ ጆሮ እንኳ ዘግይተው የሚሰሙ መኪኖች ናቸው፤ እዚያ ኤክስ5ኤን ከቦርሳ አለማውጣት ነው።

ይህን ዕቃ ራሊ ላይ፣ ማለትም መኪኖች በየተራ በመንገድ ላይ በሚሮጡበት ውድድር፣ ማድረግ ስህተት ነው የምንለውም ለዚሁ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው በጣም ቅርቡ የዓለም ራሊ የኬንያው ሳፋሪ ነው፤ ከ2002 እ.ኤ.አ. በኋላ ለረጅም ጊዜ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ ቆይቶ በሰኔ 2021 ወደ ናይቫሻ ተመልሷል። እዚያ መኪኖቹ በደቂቃዎች ልዩነት ነው የሚለቀቁት፤ ከአንዱ እስከ ሌላው ድረስ መንገዱ ጭር ይላል፤ ዱቄት የመሰለው አቧራ ተነስቶ ዓይንን ይጋርዳል። መኪናው መምጣቱ የሚታወቀው በሩቁ ሞተር፣ በሄሊኮፕተሩ ድምፅና ከወዲያኛው ጠመዝማዛ በሚነፋው ፊሽካ ነው። በሰዓት 150 ኪሎሜትር የሚበር መኪና በሴኮንድ 41 ሜትር ከግማሽ በላይ ይጓዛል። ፊሽካው 200 ሜትር ላይ ከተሰማ 5 ሴኮንድ ያህል አለ፤ ለመነሳትና ለመሸሽ ይበቃል። ካልተሰማ ግን የሚታወቀው መኪናው አቧራውን ቀድዶ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ራሊ ላይ ኤክስ5ኤ ያለው ሰው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ መኪናው መምጣቱን ካረጋገጠ በኋላ አንስቶ ቢያደርገው ይሻላል። በእርግጥ ሁለቱም እጅ ካሜራ ላይ በሚሆንበት በዚያች ቅጽበት ይህን የሚያደርግ ጥቂት ነው፤ ለዚህ የሚሻለውን ዕቃ ወደ ታች እናነሳዋለን።

ፒት ሌን ሌላ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 7 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ኑርበርግሪንግ ላይ በጀርመን ግራንድ ፕሪ የማርክ ዌበር መኪና በደንብ ያልታሰረ የኋላ ጎማዋን ይዛ ተነሳች፤ ጎማው ተፈትቶ እየነጠረ ሄዶ ጀርባውን የሰጠን የቴሌቪዥን ካሜራ ባለሙያ መታው። የትከሻ አጥንቱና የጎድን አጥንቶቹ ተጎዱ። ከዚያ ወዲህ ፎርሙላ 1 ውስጥ በማጣሪያና በዋናው ውድድር ጊዜ ጋዜጠኞች ፒት ሌን ውስጥ እንዳይቆሙ ተከለከለ፤ ከፒት ግድግዳው ጋር ብቻ ሆኑ፤ የውድድሩ የፒት ሌን ፍጥነትም ከ100 ወደ 80 ኪሎሜትር በሰዓት ወረደ። ለግምገማችን የሚጠቅመው ትምህርት ይህ ነው፦ የሚንከባለል ጎማ ድምፅ የለውም። ከጎማ የሚያድነው የሌላ ሰው ጩኸት ወይም የራስ ዓይን ነው። ኤክስ5ኤ ጩኸቱን ከወሰደው ዓይን ድርብ ሥራ መሥራት አለበት፦ ጀርባን ለሚመጣው መኪና አለመስጠት፣ በሁለት ፎቶዎች መካከል ቀና ብሎ ግራና ቀኝ ማየት፣ መኪና ከጋራዥ ፊት ሲቆም ጎማ ከሚቀይሩት ሰዎች መስመር መውጣት። ፒት ሌን ውስጥ ድምፁ በእርግጥ ከፍተኛ ስለሆነ መከላከያው ተገቢ ነው፤ አብሮት ግን ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ሲያነሳ አንዱ የሚጠብቅ፣ በፉጨት ሳይሆን ትከሻን በመንካት የሚያስጠነቅቅ።

አንዳንድ ውድድሮች ፒት ሌን ለሚገባ ፎቶ አንሺ እሳት የማይበላው ቱታና ሄልሜት ግዴታ ያደርጋሉ። ኤክስ5ኤ ከሄልሜት ሥር አይገባም። ኤክስ5ፒ3 የሚባል ከሄልሜት ጋር የሚያያዝ ስሪት አለ፤ ግን የሚገጥመው ጎኑ ላይ ማስገቢያ ቀዳዳ ላለው የግንባታ ሄልሜት ነው እንጂ ለሹፌር ዓይነቱ አይደለም። እዚያ ያለው ምርጫ ስፖንጅ ብቻ ነው። ስፖንጅን ከመከላከያ ጋር ደርቦ ማድረግ ለሚፈልግም 28 እና 37 ተደምረው 65 አይሆኑም፤ ትርፉ ከበለጠው ላይ 5 ዴሲቤል አካባቢ ነው።

ወደ ሰርኪዩቱ (ዙር ወደሚሮጥበት ዝግ ትራክ) አጥር እንመለስ፤ አንድ የጆሮ መከላከያ ሊያደርግ የማይችለውን ሳይናገሩ እሱን ማመስገን አደገኛ ነውና። መጋቢት 4 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ ዣክ ቪልነቭ ከራልፍ ሹማኸር ጋር ተጋጭቶ የተፈናቀለ ጎማ በሽቦው አጥር ውስጥ በነበረ ክፍተት አልፎ አንድ ማርሻል ገደለ። አጥሩ ጠንካራ ነበር፤ ክፍተቱ ግን ክፍተት ነው። ለፎቶ አንሺ ተብሎ በሽቦ አጥር ላይ የሚቆረጠው መስኮትም ያው ክፍተት ነው። ሌንስ ከመስኮቱ ይውጣ እንጂ ሰው በመስኮቱ ፊት ሳያስፈልግ አይቁም፤ መኪኖቹ ካለፉ በኋላ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን፣ ሽቦው ወዳለበት መውጣት ልማድ መሆን አለበት። የኤክስ5ኤ ወፍራም ክዳን እዚህ ላይ ራሱን የቻለ ችግር ያመጣል፦ ጭንቅላት ወደ መስኮቱ ሲጠጋ ክዳኑ የሽቦውን ጠርዝ ይነካና ከጆሮ ላይ በትንሹ ይነሳል። በተነሳበት ቅጽበት 37 ዴሲቤሉ የለም።

ኅዳር ወር 2018 እ.ኤ.አ. ማካው ላይ ሊዝቦአ በሚባለው ጥምዝ የሶፊያ ፍሎርሽ ፎርሙላ 3 መኪና በአየር ላይ በርራ ከአጥሩ በላይ አልፋ ፎቶ አንሺዎች የቆሙበትን መዋቅር መታች። ከእሷ ሌላ ከተጎዱት መካከል ሁለት ፎቶ አንሺዎችና አንድ ማርሻል ነበሩ። በቦታው መቆም የተፈቀደ ነበር። በሰኔ 2011 እ.ኤ.አ. በፈረንሳዩ የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ደግሞ የአለን ማክኒሽ አውዲ ገና ውድድሩ በተጀመረ በመጀመሪያው ሰዓት ከፌራሪ ጋር ተነካክታ የጎማ መከላከያው ላይ ተከሰከሰች፤ ከኋላው የነበሩ ፎቶ አንሺዎች ላይ ስብርባሪ ዘነበ፤ በከባድ የተጎዳ ግን አልነበረም። ከሁለቱም የሚገኘው አንድ ነው፦ መኪና ፍሬን ይዛ ወደምትመጣበት አቅጣጫ ቀጥታ መስመር ላይ፣ ማለትም በጥምዙ ውጪያዊ ዳር መቆም፣ የፈቀደው ማንም ቢሆን፣ መጨረሻ የሚመረጥ ቦታ ነው። ወደ ጎን 30 ሜትር መራቅ የሥዕሉን ማዕዘን ብዙ አይለውጥም፤ የአካልን ዕድል ግን ይለውጣል። በብረቱ አጥር ላይ መደገፍም ክልክል ነው፤ ብረቱ ሲመታ ወደ ኋላ ይለመጣል፣ የጎማው ክምር ይገፋል፤ ከኋላው የተጣበቀ ሰው ምቱን በቀጥታ ይቀበላል። ቢያንስ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ነው። መቀመጥ፣ የካሜራ ቦርሳ ማንጠልጠያን እግር ሥር መጣል፣ ከጀርባ መሸሻ የሚዘጋ ዛፍ ወይም ሌላ አጥር መኖሩ ሁሉ የሚቆጠረው በሴኮንድ ነው።

የፕሬሱ ሰደርያ ማርሻሉ ፎቶ አንሺውን እንዲለየው ነው እንጂ ጋሻ አይደለም፤ ጃኬት አይደረብበት። ይህን ብለን እንለፈው።

ዕቃው በእጅ ሲያዝ ምን ይመስላል? ካሜራን ወደ ቁም ሥዕል ሲያዞሩት ወደ ላይ የሚነሳው የቀኝ እጅ አንጓ የቀኙን ክዳን ይገፋል፤ የታችኛው እጀታ ያለው ካሜራ ይህን ያስቀራል፤ የሌለው ሰው ክርኑን ወደ ፊት ማምጣት መልመድ አለበት። መነጽር የሚያደርግ ሰው ክንዱ ቀጭን የሆነ መነጽር ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ወፍራም ክንድ በክዳኑ ጠርዝ ያለውን ትራስ አንስቶ ድምፅ ያስገባል። ሻሽ፣ ሂጃብ፣ የጃኬት ቆብ ከትራሱ ሥር ከገባ መከላከያው የለም ብሎ መቁጠር ነው፤ ፀጉሯን የምትሸፍን ፎቶ አንሺ ከሽፋኑ ሥር ስፖንጅ ብታደርግ ከዚህ ሁሉ ይሻላታል። ባርኔጣ ከተደረገ ጨርቁ ከጆሮ በላይ መቅረት አለበት።

እንደ ባህሬን፣ አቡ ዳቢና ጅዳ ባሉ ቦታዎች ውድድሩ ምሽት ላይ ቢሆንም ሙቀትና እርጥበቱ አይለቅም። ላብ ትራሱን ያንሸራትታል፤ ፎቶ አንሺውም ለማናፈስ ብሎ ደጋግሞ ያወልቀዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ስሌት አለ። ድምፁ ሳይቋረጥ በሚጮህበት ቦታ ከ8 ሰዓት ውስጥ 48 ደቂቃ ያለ መከላከያ የቆመ ሰው፣ የቀረውን ጊዜ ምንም ዓይነት ዕቃ ቢያደርግ የቀኑ ጠቅላላ ጥበቃው ከ10 ዴሲቤል አይበልጥም። ቀለል ያለ ዕቃ ሳያወልቁ መዋል፣ ከባዱን እያወለቁ ከመዋል ይበልጣል። በዚህ ምክንያት ለአብዛኛው የሰርኪዩት ሥራ ኤክስ4ኤን ከኤክስ5ኤ እናስቀድማለን፦ ቀጠን ያለ ነው፣ ከመቶ ግራም በላይ ይቀልላል፣ ሽቦ አይነካም፣ 33 ዴሲቤሉም ከመነሻው መስመር በስተቀር ለሁሉም ቦታ ይበቃል።

ለራሊ የሚሻለው ፔልቶር ፕሮታክ 3 ነው። ውጪው ላይ ማይክ አለው፤ ፊሽካንና ንግግርን ያስገባል፣ መኪናው ሲደርስ ግን ወደ ውስጥ የሚያስገባውን ድምፅ ራሱ ይገድባል። ኤስኤንአሩ 32 ነው፤ ስሊም የሚባለው 26። በሁለት ተራ ኤኤ ባትሪ ይሠራል። ሁለት ጉድለት አለው። ነፋስ ማይኩ ላይ ሲነፍስ ይሻከራል፤ የስፖንጁ የነፋስ መከላከያ ከወደቀ ወዲያው መተካት አለበት። ባትሪው ሲያልቅ ወይም ሳይነካ ቆይቶ ራሱን ሲያጠፋ ደግሞ ፎቶ አንሺው መንገዱ ጭር ያለ ይመስለዋል እንጂ ጆሮው እንደተዘጋ አያውቅም። ስለዚህ እያንዳንዱ የራሊው ክፍል (ስቴጅ) ከመጀመሩ በፊት ጣትን ከማይኩ አጠገብ አፍተልትሎ ድምፁን መስማት፤ ካልተሰማ ባትሪ መቀየር።

ስፖንጅም ቢሆን በቦርሳ ውስጥ አይጥፋ፤ በአግባቡ ሲደረግ ግን ነው። ንጹሕ በሆነ እጅ ቀጭን አድርጎ ማድቦልቦል፣ በሌላኛው እጅ በጭንቅላት ዙሪያ አዙሮ የጆሮን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ውጪ መሳብ፣ ማስገባት፣ እስኪነፋ ድረስ ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ በጣት ይዞ መቆየት። ናዮሽ ለስፖንጅ የተጻፈውን ቁጥር በግማሽ፣ ለክዳን መከላከያ ግን በሩብ ብቻ የሚቀንሰው ሰው ይህን ስለማያደርግ ነው። አቧራማ ራሊ ላይ በቆሸሸ ጣት የተድቦለቦለ ስፖንጅ ጆሮ ውስጥ አሸዋ ያስገባል፤ ጠዋት ከመኪና ሳይወርዱ ማድረግ ይሻላል።

ከግንባታና ከሥራ መከላከያ ዕቃ መደብር የሚገዛ ሰው ቅስቱ ወይም ክዳኑ ላይ ኢኤን 352-1 የሚል ጽሑፍና የኤስኤንአር ቁጥር መኖሩን ይይ፤ ቁጥር የሌለው ዕቃ መልኩ ቢመሳሰልም አይገዛ። ሲሞክረው ደግሞ ሁለቱም ክዳኖች በጆሮ ዙሪያ እኩል መጫናቸውን፣ ትራሱን በጣት ሲጫኑት ወዲያው መመለሱን ይመልከት። ከቤት ሲመጣ ጉልበት ላይ ወይም በወፍራም ቦርሳ ላይ ተለጥጦ አይቀመጥ፤ ቅስቱ ከተለጠጠ መጨበጡን ያጣል፣ መጨበጡን ካጣ ድምፅ ይገባል። ትራሱና ውስጡ ያለው ስፖንጅ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀየራል፤ ኤችዋይኤክስ5 የሚባለው መለዋወጫ ለኤክስ5ኤ የተሠራው ነው፤ የኤክስ4ኤው አይገጥምም። ትራሱ ላይ ስንጥቅ ከታየ ግን ስድስት ወሩን አይጠብቁ፤ ላብ ያደረቀው ትራስ በጣት ሲታጠፍ ነጭ መስመር ካሳየ ለሚቀጥለው ውድድር አይሆንም።